ለአባቴ፣ ስለ አንትሮፖሎጂ ሦስተኛ ዲግሪ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰው ልጅንና ባህሉን የማጥናት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ለምን እንደሚጎተት በስልክ ተነግሮ ስለማያልቅ በጽሑፍ ላስረዳዎት።

ኮርሱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የባህል፣ የሥነ ሕይወት፣ የቋንቋና የአርኪዮሎጂ ዘርፎችን ሁሉ እንዲቀምስ ይፈልጋሉ። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና አለ። የሚጠናውን ሕዝብ ቋንቋ ግን ከመጀመሪያው ዓመት መያዝ ይሻላል፤ በመጨረሻ ሰዓት ተሯሩጠው አይደርሱበትም።

ብዙው ሰው የሚሰናከለው ፕሮፖዛል (የጥናቱ ዕቅድ) ላይ ነው። «ስደትን አጠናለሁ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በሚስት እጅ ሲገባ፣ ስለ መሬቱ የሚወስነው ማን ነው?» ቢባል ግን ማንን ማነጋገር፣ ምን መቁጠር፣ የት መቀመጥ እንደሚያስፈልግ ጥያቄው ራሱ ይመራል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ የሚመስል ፕሮፖዛልም አይዘልቅም፤ ገምጋሚዎች ይህን ቶሎ ይነቁበታል።

ለመስክ ሥራ፣ ማለትም ከሚጠናው ሕዝብ ጋር ኖሮ ለማጥናት፣ የአንትሮፖሎጂ ጥናትን በገንዘብ የሚረዳው ዌነር-ግሬን ፋውንዴሽን እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል፤ አመልካቹ የየትኛውም አገር ዜጋ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይ 1 እና ኖቬምበር 1 ይዘጋል። ለትምህርት ክፍያ አይውልም። ውሳኔው ወራት ስለሚፈጅ፣ ጉዞው ከመድረሱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማመልከት ነው።

ፈቃዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አንደኛው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ሁለተኛው ጥናቱ የሚካሄድበት አገር። ኮሚቴው ብዙ ጊዜ በጥናቱ ከሚሳተፉት ሰዎች የተፈረመ ስምምነት ይጠይቃል። የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው ግን አደጋው ፊርማው ራሱ ነው፤ ስሙን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ዘርዝሮ የቃል ስምምነት እንዲፈቀድ መጠየቅ ይገባል። መስክ ላይ የጥናቱ አካሄድ ከተለወጠ ደግሞ ማሻሻያውን አስቀድሞ ማስጸደቅ ግድ ነው።

መስክ በተለምዶ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ከዘሩና ከአጨዳው ወቅት አንዱ ሊያመልጥ ይችላል። ቀን በችኮላ የተጫረው ማስታወሻ እዚያው ማታ ተዘርዝሮ ካልተጻፈ፣ በሳምንቱ ለጻፈው ሰው እንኳ አይገባውም። የሰዎቹ እውነተኛ ስም ከማስታወሻው ተለይቶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጣል። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ትርጉም ካለበት ከዚያም ይበልጣል። አንዳንድ ተማሪ ሁሉንም ልገልብጥ ሲል ዓመቱ ያልፍበታል። ቅጂዎቹን መጀመሪያ አዳምጦ በርዕስ መለየት፣ ቃል በቃል የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ መገልበጥ ይበቃል።

አክባሪ ልጅዎ