«ጋሼ» ማለትህን ከተውክ ወዲህ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ሰላምታውን በዚህ ልለፈው፤ የምጽፈው ብዙ ነው።

ትናንት ብር ልኬያለሁ። በእታለም ስም ነው። በአንተ ስም ብልከው ሳታወጣው እንዳይቀር ፈራሁ። ግማሹ ለእማዬ መድኃኒት፣ ግማሹ ለሠርግህ ነው። እባክህ እምቢ አትበል።

ሠርግህን ከሰው ሰማሁ። ሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ አንድ የደብረ ብርሃን፣ የጠባሴ ልጅ መስኮቴን አንኳኳና «እንኳን ደስ አለህ! ጥር 17 ወንድምህን ልትድር ነው አሉ» አለኝ። «አሜን፣ አሜን» አልኩት፤ የማውቅ መስዬ። ከዚያ መስታወቱን ዘጋሁ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ከኋላዬ ያለው ክላክስ እስኪያደርግብኝ ድረስ የት እንዳለሁም አላወቅሁም።

ማታውኑ እታለም ጋ ደወልኩ። አልደበቀችኝም። ሽማግሌ የተላከው በኅዳር ነው አለችኝ። ሽማግሌ መርጦ የሚልከው አባዬ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እሱ ከሌለ እኔ ነበርኩ። ይሄን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም። ትንሽ ግን ልወቅስህም ነው፤ ልዋሽህ አልችልም።

የፋሲካውን ስልክ አልረሳሁትም። «አንተ በመረጥከው ሰው እጅ ነው ከሥራ የወጣሁት» አልከኝ፤ ትራምፕን ማለትህ ነው። በስሜ ጠርተህ። ከሕፃንነትህ ጀምሮ «ጋሼ» ሳትል ለእኔ አፍህ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። እኔም ተናደድኩ። «የሰው አገር መንግሥት ዕድሜ ልክህን እንዲቀልብህ ትፈልጋለህ?» አልኩህ። ይሄው ስምንት ወር ሙሉ ይህ ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ይቅር በለኝ። ቀለብ አልነበረም፤ ሥራ ነበር። በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞርክ ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት ታደርስ ነበር። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሞተሩን ስትገፋ የተነሣኸው ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ይቅርታ የምጠይቅህ ግን ስለ ቃሉ ነው፤ በምርጫ ስለ ሰጠሁት ድምፅ አይደለም። ይሄን ለይቼ ካልነገርኩህ ዕርቃችን የውሸት ይሆናል። በስልክ ደግሞ አይሆንም። ወይ እኔ እጮሃለሁ፣ ወይ አንተ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ በወረቀት ልጻፈው ብዬ ነው። ፎቶ አንሥቼ በእታለም ቴሌግራም እልከዋለሁ።

ዜጋ የሆንኩ ጊዜ የኛ ሰው ሁሉ ዲሞክራት ነበር። እኔም ብዙ አልመረመርኩም፤ እነሱን መረጥኩ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትራምፕ በስልክ ከሱዳን መሪዎች ጋር ሲያወራ «ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች» አለ። በዓለም ፊት። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ወጥቼ ባይደንን መረጥኩ። ለአገሬ ብዬ ነው። እማዬ ከዕቁቧ ቀንሳ ለግድቡ ቦንድ መግዛቷን እያሰብኩ ነው የመረጥኩት።

ምን ሆነ? ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ባሰ፤ ባይደን የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረመ። ቀጥሎ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣ። ከፈረንጆቹ 2022 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሐዋሳ የሚሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባቱ ቀረ። የአክስታችን ልጅ ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰችው ያኔ ነው። ያኔ ማንም ደውሎ «አንተ በመረጥከው ሰው ነው» አላለኝም። እኔ ግን ለራሴ ብዬዋለሁ። ብዙ ሌሊት ብዬዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ቨርጂኒያ የገዥ ምርጫ ነበር። የኛ ሰው ተቆጥቶ ብዙው ወደ ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሄደ። እኔም ሄድኩ። አሸነፈ። መጀመሪያ በቁጣ ነበር የሄድኩት። በኋላ ግን የሚሉትን ቁጭ ብዬ ሳደምጥ ብዙው አዲስ አልሆነብኝም። እዚህ ወግ አጥባቂ የሚሉት ሰው የሚያምነው አባዬ ማታ ማታ እሳት ዳር የሚነግረንን ነው። ቤተሰብ ከመንግሥት ይቀድማል። ልጅ የወላጁ ነው። ሥራ ክብር ነው። ሃይማኖትህን ደጅ ላይ አስቀምጠህ አትገባም። አባዬ ሪፐብሊካን የሚባል ነገር ሳይሰማ ነው ይሄን ያስተማረን።

አንድ ቀን ልንገርህ። በፈረንጆቹ 2023 ሰኔ ማለቂያ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል የሚባል ቦታ ሰልፍ ወጣን። የዚያ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ስለ ተመሳሳይ ጾታና ስለ ጾታ መቀየር የሚያወሩ የተረት መጻሕፍት ለትንንሽ ልጆች ያነቡ ነበር። በፊት «ልጄ አይስማ» ያለ ወላጅ ልጁን ከክፍል ማስወጣት ይችል ነበር። ከዚያ ይሄ መብት ተነሣ። እኔ የምኖረው ወንዙን ተሻግሮ ነው፤ ግን የጓደኞቼ ልጆች እዚያ ይማራሉ። ነጠላ የለበሱ እናቶቻችንና ሂጃብ የለበሱ ሙስሊም እናቶች ጎን ለጎን ቆሙ። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። አንዲት ሙስሊም ሴት ውሃዋን ለእኛ እናት ሰጠቻት። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ያለሁ መሰለኝ። ሰዎቹ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ አላሉም፤ «ልጄን እኔ ላሳድገው» ነው ያሉት። የወላጆቹ ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በፈረንጆቹ 2025 ሰኔ 27 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ተፈረደ። ስሰማ መኪናዬን ዳር አስይዤ አማተብኩ።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ ለአገር ቤት ብዬ መረጥኩ፤ አንዴ በግድቡ ተናድጄ፣ አንዴ በአጎዋው። በፈረንጆቹ 2024 ግን ለምኖርበት ቤት ብዬ ትራምፕን መረጥኩ። ቤንዚን በጋሎን ከ5 ዶላር ያለፈ ጊዜ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ኑሮ በአንድ ዓመት ከ9 በመቶ በላይ ሲንር ልጆች አሳድግ ነበር። ይሄን የመረጠው እጅ ነው ብር የሚልክላችሁ። ክፉ ሰው አድርገህ አትየኝ።

አንተን የጎዳው ግን እውነት ነው፤ አልሸሸውም። ትራምፕ ጥር 12 ቃለ መሐላ በፈጸመ ዕለት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን አቆመ። መጋቢት ሳይጋመስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ፣ ከአሜሪካ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት፣ ፕሮግራሞች 83 በመቶው ተሰረዘ አለ። መሥሪያ ቤቱም በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ተዘጋ። የኔ ሐሳብ እስካሁን ያው ነው፤ አገር በዕርዳታ አይቆምም። ግድቡን ማን ሠራው? ከመጋቢት 2003 ጀምሮ በደሞዝና በቦንድ እኛው ሠራነው፤ ጳጉሜን 4 ተመረቀ። እማዬ እልል ስትል እታለም ቀርጻ ልካልኝ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቀኝ። ግን ዕርዳታ ይቀንስ ማለት አንድ ነገር ነው። የታመመ ሰው መድኃኒት ላይ እያለ በአንድ ሌሊት መዝጋት ሌላ ነው። ይሄ እኔ የመረጥኩት አልነበረም። ዶላር ተረፈ ብሎ የሚደሰት ካለ እኔ አይደለሁም፤ ወንድሜ ሥራ ፈትቷል።

ደግሞ ትራምፕ ግድቡን አሜሪካ በሞኝነት ገንዘብ ሰጥታ አሠራችው አለ። ይሄን ስሰማ የእማዬ ዕቁብ ትዝ አለኝና ሆዴ ተቃጠለ። ወረፋ ላይ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ሐሰት ነው፤ የኔም ብር አለበት።

ሰሞኑን የባሰም መጣ። ሳምንት አልፎታል፣ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስ፣ ለጊዜው እዚህ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ፣ የካቲት ላይ ያበቃል ተባለ። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆም ልጅ አለ፤ የሚሠራው በዚያ ወረቀት ነው። ዛሬ ቅዳሴ ላይ ዓይኑን ማየት ከበደኝ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ዲቪ ቆመ። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የገደለው ሰው በዲቪ የገባ ነው ብለው። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት። የፎቶውን የከፈለልኝ አባዬ ነው። አንተ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እንደምትሞላም አውቃለሁ። ሕግ ይከበር ስል፣ ሕግ አክብሮ ተራውን የሚጠብቀውን በር ዝጉበት ማለቴ አይደለም። ይሄን ለሪፐብሊካን ጓደኞቼም ነግሬያቸዋለሁ። አንዳንዱ ሰምቶኛል፤ አንዳንዱ አልሰማኝም። ድምፄ ይሄን ሁሉ አብሮ እንደሚያመጣ አውቄ ነበር ወይ ብትለኝ፣ ግማሹን አውቄ ነበር። ግማሹን ማወቅ አልፈለግሁም።

በቃ፣ ፖለቲካው ይብቃ። እማዬን ንገረኝ።

እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ ለምን ደበቃችሁኝ? ከስኳር ጋር የእግር ቁስል ቀልድ አይደለም። ማታ ማታ እግሯን አንተው ራስህ እየው፤ በጣቶቿ መካከል ሁሉ። ምድጃ ዳር በባዶ እግሯ እንዳትቀመጥ፤ ብትቃጠል አይሰማትም። አሁን የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ እንደምትውል አውቃለሁ። እኛ ብንለምናት አትሰማም። የንስሐ አባቷን አነጋግሯቸው። እሳቸው «ብይ» ካሏት ትበላለች። በመርፌዋ አትቀልዱ። ብር የለም ብላ ከሚወሰነው ቀንሳ እንዳትወጋ። ብር አለ በላት። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ ጀምሮ በጥሬ ብር በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ቀረጥ ይኖራል። መጀመሪያ ሊያደርጉት ያሰቡት 5 በመቶ ነበር። በባንክ ካርድ ሲላክ ግን አይነካም፤ እኔም በካርድ እልካለሁ። የእማዬ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። የጥቅምትና የኅዳሩ የዘገየው የአሜሪካ መንግሥት 43 ቀን ተዘግቶ ተሳፋሪ ስለጠፋ ነው። አሁን ደህና ነው።

መምጣቱን አልቻልኩም። ጥር ላይ ቲኬት እሳት ነው። ወገቤንም ትንሽ አሞኛል፤ ሐኪሙ ረጅም በረራ ለጊዜው ይቅር ብሎኛል። ቀላል ነገር ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት። አባዬ በኮሮና ጊዜ ሲያርፍ አልመጣሁም፤ አሁን ደግሞ አንተ ስታገባ አልመጣም። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ልጅቷን በፎቶ አየኋት። እታለም ላከችልኝ። ፊቷ ደስ ይላል፤ ጭምት ትመስላለች። ሥራ ፈትተህ እያለ እሺ ያለችህ ሴት ናትና አክብራት። የእማዬን ጉልበት ስትስሙ አንድ ሰው ስልክ ይያዝልኝ። እዚህ ሌሊት ይሆናል፤ ግድ የለም፣ እነቃለሁ። ኔትወርኩ ከሠራ ማለት ነው። መንገዱስ? ሙሽሪትን ይዛችሁ ስትመለሱ እንዳይመሽባችሁ። ሌላውን በስልክ አናወራም።

የጠባሴው ልጅ ለገና ይመጣል፤ የሚነሣው ቅዳሜ ነው። ሱፍና ጫማ ልገዛልህ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። መጨረሻ ያየሁህ በ2005 ነው፤ የ17 ዓመት ቀጭን ልጅ ነበርክ። አሁን የትከሻህን ስፋት አላውቅም። የወንድሜን ጫማ ቁጥር አላውቅም።

እስከ ረቡዕ ላክልኝ። የትከሻህን፣ የወገብህን፣ የቁመትህን፣ የጫማህን። ሌላ ምንም ባትጽፍ ቁጥሩን ብቻ ላክ።

ታላቅ ወንድምህ