አባዬ፣ እግርህን አሳየኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ አልሆን ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። ስደውል ቲቪው ይጮኻል፣ እማዬ አጠገብህ ናት፣ አንተም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ስልኩን ለእሷ ታቀብላታለህ።

መጀመሪያ፣ የምማርበት ከተማ የት ነው፣ ምን ይመስላል ብለህ የጠየቅከኝን ልመልስ። ሳላማንካ ከማድሪድ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ የእኛን መስከረም ለለመደ ሰው ይጨንቃል። ከተማው ግን ያምራል። የድሮው ሕንጻ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ነው የተሠራው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወርቃማ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው በእነሱ አቆጣጠር በ1218 የተመሠረተ ነው። የመግቢያው ግድግዳ ላይ ከተቀረጸው ብዙ ነገር መሀል የራስ ቅል ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት አለች። ሰው ሳያሳየው ራሱ ፈልጎ ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይላሉ። እኔን ሰው ነው ያሳየኝ። እንግዲህ ማጥናት ነው።

ያረፍኩባቸው ባልና ሚስት ጡረተኞች ናቸው። ልጆቻቸው ማድሪድ ስለሆኑ ባዶውን ክፍል ለተማሪ ይሰጣሉ፣ ምግቡም አብሮ ነው። ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላል፣ እራት ማታ አራት ሰዓት። መጀመሪያ ሰሞን የእማዬ በሶ ባይኖር ኖሮ እንጃ። አገሩ የአሳማ ሥጋ አገር ነው፤ በሃሞን፣ በደረቀው የአሳማ ጭን፣ የታወቀው ጊሁዌሎ የሚባል ከተማ እዚሁ አውራጃ ውስጥ ነው ያለው። ለሚስትየዋ፣ ለሴኞራዋ፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሥጋ አልበላም» ስላት ምስር ሠራችልኝ። ምስሩ ውስጥ የአሳማ ቋሊማ አለ። «ይሄስ?» አልኳት። በሹካ አወጣችውና ሳህኑን መልሳ አቀረበችልኝ፣ በቃ ጾም ሆነ። ይሄን ለእማዬ እንዳትነግራት።

በባዶ እግር መሄድ ደግሞ በዚህ ቤት ወንጀል ነው። ሴኞራዋ ካየችኝ ከወጥ ቤት ሆና ትጮኽብኛለች። አንተም ነጠላ ጫማህን አድርግ እሺ፣ ለሽንት ስትወጣም ቢሆን።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ባለፈው እሁድ ስልኩን ለሴኞራዋ ስሰጣት ኦላ ብለህ የምትዘጋ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት አወራችሁ። ሳቅክ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። ሴኞራዋ ባልየውን ጠርታ «ስማው፣ ቁርጥ የኩባ ሰው!» አለችው። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሩቡን እንኳን አልያዝኩትም፣ እኔ የተማርኩት ስፓኒሽ እንደዚያ አይሮጥም።

ኩባ መማርህን ማን አጥቶት አባዬ። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ለእኛም ለኩባም ወታደሮች በቆመው ትግላችን ሐውልት ጋ በታክሲ ባለፍን ቁጥር በሌላኛው መስኮት እንደምታይ አውቃለሁ። ግን ያን ክረምት ሳሎን ቁጭ ብዬ ግሱን እያጣመምኩ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አንተ ጋዜጣህን ዘርግተህ ፊት ለፊቴ ነበርክ። አንድ ቀን እንኳን «እንዲህ አይባልም» አላልከኝም። ለኮርሱ ስንት እንደከፈልኩ ታውቃለህ። ብሩ አይደለም። ረስቶታል ብዬ ነበር፣ እንደዚያ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር። ለካ አንዲት ቃል አልጠፋችህም። ለማታውቃት ሴት በግማሽ ሰዓት የነገርካትን ለእኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልነገርከኝም።

ማታ እራት ላይ ቀስ እያለች በእጇ ጭምር እያስረዳች ነገረችኝ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። የተማርክባት የኩባ ደሴት የወጣቶች ደሴት ከተባለች ገና ብዙም ሳይቆይ ነው የደረሳችሁት፣ የሞዛምቢክም የአንጎላም ልጆች ነበሩ። አያቴ ኦጋዴን ከቀረ በኋላ በ1971 መሄድህን፣ ያኔም አሥራ አንድ ዓመትህ እንደነበር አውቅ ነበር። የማላውቀው የእናትህን ነው። አንተ እዚያ እያለህ ሞታ፣ ልጁ እንዳይረበሽ፣ ትምህርቱን ይጨርስ ተብሎ ከዓመት በኋላ ነው የተነገረህ። ዓመቱን ሙሉ ትጽፍላት ነበር። ሴኞራዋን ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። የሰማሁት ልክ አልመሰለኝም።

ቦሌ ያልመጣኸው ለዚህ ነው? ተናድጄብህ ነው የሄድኩት፣ እወቀው። ሁሉም ሰው ሲሸኘኝ አንተ «ወገቤን አሞኛል» ብለህ ቤት ቀረህ። እማዬ እንኳን አላመነችህም። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩልህም። ትንሽ ይቀራል።

ይሄን ሁሉ ያነሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። እህቴ ስደውልላት የምታወራኝ ስለ ልጆቿ ብቻ ነው። የትንሹ ጥርስ ወለቀ፣ ትልቋ አስተማሪዋን ትወዳታለች፣ ትንሹ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወረወረው። የሰፈሩ ደመራ ሲለኮስ ልጆቹ ችቦ ይዘው ሲጨፍሩ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጫፉ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህ ብቻ ይታያል። ስሄድ የታሸገው አውራ ጣትህ ነበር። አሁን ፋሻው ቁርጭምጭሚትህ ደርሷል። ስጠይቃት «ኧረ ድኗል፣ ፋሻው ለአቧራ ነው» አለችኝና ወዲያው ወደ ጥርሱ ተመለሰች።

እኛ ቤት ነገር እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ። አክስቴ ስትሞት አሜሪካ ላለው ልጇ ስንት ሳምንት «ተኝታለች» እንደተባለ ታስታውሳለህ። ያኔ አንተ ብቻ ነበርክ «ንገሩት» ብለህ የተጣላኸው። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ገና አሁን ነው። ታዲያ ለእሱ የተሟገትክለትን በእኔ ላይ ታደርገዋለህ?

ሐኪሙ ያለውን ንገረኝ። ስለ መቆረጥ ተነስቶ ከሆነም ንገረኝ። ይኸው ጻፍኩት። ተመለሺ ብትለኝ እመጣለሁ ብዬ ልምል አልችልም፣ አርፈሽ ተማሪ ብትለኝም ማረፌን እንጃ፣ ብቻ የምጨነቅ ከሆነ በሌለ ነገር አልጨነቅ፣ በእውነተኛው ልጨነቅ።

ኢንሱሊኑን ደግሞ። የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀት እስካላገኘው ድረስ ያለ ፍሪጅም አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የሚያሳስበኝ ያልተከፈተው ነው። መብራት ጠፍቶ ከቆየ ጎረቤት ጄኔሬተር አላቸው፣ እማዬ አፍራ ዝም እንዳትል፣ ወስዳ ታስቀምጥ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውሉልኝ። እዚህ ሰዓቱ ከናንተ በአንድ ያንሳል፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። ሴኞራዋ ጥያቄ አዘጋጅታ ትጠብቅሃለች። አውራት፣ ደስ ይለኛል፣ ግን መጀመሪያ ከእኔ ጋር። በአማርኛ ካልወጣልህ በስፓኒሽ ንገረኝ፣ ቀስ ብለህ ብቻ። እህቴም ፋሻውን ፈትታ በካሜራ ታሳየኝ፣ የሰኞው ቀጠሮህ ሳይደርስ።

የምትወድህ ልጅህ