ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤቱን እንደወደድሽው ከድምፅሽ ገብቶኛል። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ስጪ» ማለቱን ግን አልወደድኩትም። ቀብድ ከሰጠሽ በኋላ ብትተዪው ገንዘቡ ይቀርብሻል። ሻጩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልስ ዘንድ ሕጉ ያዛል፤ ያንን እጥፍ ለማግኘት ግን የምትመላለሺው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የሚጣራው ሁሉ ከቀብዱ በፊት ይጣራ።

ሻጩ ያሳየሽ ካርታ በእጁ ያለ ወረቀት ነው። ዋናው ነገር በክፍለ ከተማው የይዞታ ምዝገባ ቢሮ ያለው ማህደር ነው። ካርታው «ጠፋ» ተብሎ ምትክ ወጥቶለት፣ አሮጌው መክኖ ሳለ አሁንም በሰውየው ቦርሳ ሊኖር ይችላል። ዋናው ለብድር ባንክ ተቀምጦ የሚያሳዩሽ ጥሩ ባለቀለም ኮፒ ሊሆንም ይችላል። ቢሮው ለማንም መንገደኛ ማህደር አይከፍትም፤ ባለይዞታው መታወቂያውን ይዞ አብሮሽ ይሂድ። «ጊዜ የለኝም፣ እኔ አጣርቼ አመጣልሻለሁ» ካለ ያንን ቤት ተዪው።

እዚያ ስትደርሺ ስሙን፣ የካርታ ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋትና አገልግሎቱን፣ ማለትም ለመኖሪያ ወይስ ለንግድ መሆኑን፣ ከማህደሩ ጋር አስተያዪ። ቀጥሎ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ በጽሑፍ ይሰጥሽ፤ «ነጻ ነው» የሚል የቃል መልስ ነገ አያስጥልሽም። ዕዳ ስልሽ በተለይ የባንክ መያዣ ነው። የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ስሙ ወደ አንቺ ቢዞርም ሻጩ ብድሩን ካልከፈለ ባንኩ ቤቱን ያሸጠዋል። እገዳው ደግሞ ከፍርድ ቤት፣ ከግብር ቢሮ ወይም በፍቺና በውርስ ከሚከራከር ዘመድ የመጣ ይሆናል። እግረ መንገድሽን ቦታው ላይ መንገድ ወይም ሌላ ልማት ታቅዶ እንደሆነ የፕላን ክፍሉን ጠይቂ።

ከዚያ ሜትር ይዘሽ ወደ ግቢው። ካርታው 150 ካሬ ብሎ አጥሩ 190 ካሬ ከከበበ፣ 40 ካሬው የሻጩ አይደለም። ዋጋውን በካርታው ልክ ተነጋገሪ እንጂ በአጥሩ ልክ አትክፈዪ።

ብዙ ገዢ የሚወድቅበት ግን ትዳር ነው። ካርታው በባልየው ስም ብቻ ስለሆነ ቤቱ የብቻው ነው ማለት አይደለም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ በአንደኛው ስም የተመዘገበም ቢሆን፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ይለዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠውም በሁለቱ ስምምነት ነው። ያልተስማማችው ሚስት ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር፣ ቢዘገይም በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርባ ማስፈረስ ትችላለች። ሁለቱም መጥተው ይፈርሙ። አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ፤ ፈትቻለሁ ካለ የፍቺውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ውሳኔ ያሳይሽ።

ሟች ትቶት ያለፈው ቤት ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫውን አንብቢ፤ አምስት ወራሽ ካለ አምስቱም ይፈርማሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለበት ሞግዚቱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ መሸጥ መለወጥ የሚል ግልጽ ሥልጣን መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው ቢሮ አረጋግጪ። ወካዩን በስልክ ሳይሆን በቪዲዮ እይው፤ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ሞቷል።

ይዞታው የሊዝ፣ ማለትም ቦታው ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ ከሆነ የሊዝ ውሉን ጠይቂ፤ የቀረው ዘመንና ያልተከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ወደ አንቺ ይዞራል። የቀበሌ ቤትና ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ዋጋው ምንም ቢረክስ አትጠጊው።

ሦስት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል እንዳያታልልሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውለው ባለሥልጣን ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው ማለት ነው። እዚያ ፈርመሽም አልጨረስሽም፤ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪዞር ውልሽ በሌላ ሰው ላይ መከራከሪያ አይሆንልሽም። የዛሬ ማጣሪያ የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው፣ በማግስቱ እገዳ ሊገባ ይችላል። በማጣሪያውና በፊርማው መካከል ቀን አታብዢ፤ ከክፍያውም ደህና ድርሻ ስም እስኪዞር በእጅሽ ይቆይ፣ ይህም ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ገንዘቡ በባንክ፣ በሻጩ በራሱ ሒሳብ ይግባ። የቦታ ግብሩ፣ የውሃውና የመብራቱ ደረሰኝ እስከዚያው ወር ድረስ ይምጣልሽ።

የካርታውን ኮፒ በሁለት ገጹ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ክፍለ ከተማ የምትሄዱበትን ቀን ንገሪኝ፣ አብሬሽ እመጣለሁ።

እናትሽ