ደብዳቤ ለልጄ፦ ከጓደኛሽ ጋር ክሬም ማምረት ከመጀመርሽ በፊት

የኔ ልጅ፣

ከጓደኛሽ ጋር የመዋቢያ ድርጅት ለማቋቋም መወሰናችሁ አስደስቶኛል። «እንደ እህት ስለሆንን ውል አያስፈልገንም» ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ውል የሚጻፈው ስትዋደዱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምኞታችሁ ልክ ተነጋገሩ። አንዷ ጥቂት ደንበኞችን በጥራት እያገለገለች መኖር፣ ሌላዋ ፋብሪካ መትከል ልትፈልግ ትችላለች። ሁለቱም መልካም ምኞት ነው፤ ትርፍ ሲመጣ ግን አንዷ ማሽን ልትገዛበት፣ ሌላዋ ልትካፈለው ትላለች። ስለዚህ በ5 ዓመት ውስጥ የምትፈልጉትን የሽያጭ መጠን፣ ለሥራው የምትሰጡትን ሰዓትና ቢጠፋ የማያፈርሳችሁን ገንዘብ ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ተለዋወጡ። አብራችሁ ከጻፋችሁት በይሉኝታ ትስማማላችሁ።

ድርሻችሁ እኩል ቢሆን አልቃወምም፤ በአንድ ቀን ግን አይሰጥ። በ4 ዓመት ውስጥ ተሠርቶበት የሚገኝ ይሁን፤ አንድ ዓመት ሲሞላ ሩቡ፣ የቀረው በየወሩ። አለዚያ በስድስተኛው ወር ትታ የሄደችው የግማሹ ባለቤት እንደሆነች ትቀራለች። ድርሻ በችኮላ አይሰጥም የምለው በምክንያት ነው፦ እንግሊዛዊቷ ነጋዴ አኒታ ሮዲክ እ.ኤ.አ. በ1976 ዘ ቦዲ ሾፕ የተባለውን የመዋቢያ ሱቅ ከከፈተች በኋላ፣ ለሁለተኛው ሱቅ ገንዘብ ስላስፈለጋት የድርጅቱን ግማሽ ኢያን ማክግሊን ለተባለ ሰው በ4,000 ፓውንድ ሸጠች። እ.ኤ.አ. በ2006 የፈረንሳዩ የመዋቢያ ኩባንያ ሎሪያል ድርጅቱን የገዛው በ652 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

እኩል ድርሻ እኩል ድምፅ ስለሆነ ሳትስማሙ ስትቀሩ ሥራው ይቆማል። በቅመማና በጥራት የመጨረሻው ቃል ያንቺ፣ በዋጋና በሽያጭ የእሷ ይሁን። ብድር፣ አዲስ ሸሪክ ማስገባትና ድርሻ መሸጥ የሁለታችሁን ፊርማ ይጠይቅ። ለሠራችሁት ሥራ የሚከፈለውን ደመወዝም ከትርፍ ክፍያ ለዩት።

አሁን ወደ ክሬሙ። ቀመሩ በአንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ጓደኛሽ ዘወትር ያንቺ ጥገኛ ናት፤ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀመሩ የድርጅቱ ንብረት መሆኑን በውሉ አስፍሩ፤ መጠኑንም በማንኪያ ሳይሆን በግራም ጻፉ። ለ1 ኪሎ ቀላል የእጅ ክሬም እንዲህ መነሳት ይቻላል፦ የተጣራ ውሃ 705፣ ግሊሰሪን 40፣ ዘይትና የሺያ ቅቤ (ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) 180፣ ውሃና ዘይቱን የሚያዋህደው ሰም 55፣ ከጀርም የሚጠብቅ መከላከያ 10፣ ቫይታሚን ኢ 5፣ ሽቶ 5 ግራም።

ግሊሰሪኑን ከውሃው፣ ሰሙንና የሺያ ቅቤውን ከዘይቱ ጋር አድርገሽ ውሃውንና ዘይቱን በየዕቃቸው እስከ 75 ዲግሪ አሙቂ፤ የተነነውን ውሃ በሚዛን አይተሽ ተኪ። ሁለቱም እኩል ሲሞቁ ቀላቅለሽ በመምቻ ምቺ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ መከላከያውን፣ ቫይታሚኑንና ሽቶውን ጨምሪ። በመጨረሻ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ፣ ለኪ፤ ከ5 እስከ 5.5 መሆን አለበት። መከላከያው ፌኖክሲኢታኖል የተባለው ጀርም ተከላካይ ካለበት የእሱ መጠን ከጠቅላላው ክሬም 1 በመቶ አይለፍ።

ክሬሙ ውሃና ዘይት ሆኖ ከተለያየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንዱ ከሌላው ቀዝቅዞ መቀላቀሉ ወይም ሰሙ ማነሱ ነው። አሸዋ አሸዋ ካለ የሺያ ቅቤው ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አቅልጠሽ ቶሎ አቀዝቅዢው። የሚሻግት ከሆነ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር አስታውሺ፦ ቫይታሚን ኢ ዘይቱ እንዳይበላሽ ያደርጋል እንጂ ባክቴሪያና ሻጋታን አይከላከልም። ውሃ ያለበት ክሬም ሁሉ እውነተኛ መከላከያ ይፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ምርት ዙር መለያ ቁጥር ስጡ፤ ቀኑን፣ የየዕቃውን ክብደትና የጥሬ ዕቃውን ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ ማን እንደመዘነ ጻፉ፤ ከዚያም ሁለታችሁ ፈርሙ። ደንበኛ ቅሬታ ሲያመጣ «አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ» ከመባባል መዝገቡን መክፈት ይበቃል።

ጠቡ ሊበረታ የሚችለው ክሬሙ በሚፈተንበት ጊዜ ነው። ናሙናውን በ40 ዲግሪ ለ3 ወር አቆዩት፤ ሌላውን ደጋግማችሁ አቀዝቅዛችሁ አቅልጡት፤ ሽታው፣ ቀለሙና ውፍረቱ እንዳልተለወጠ እዩ። የጀርም ምርመራውን ለላብራቶሪ ስጡ። የሽያጩ ኃላፊ ናትና ጓደኛሽ በዚህ ጊዜ ትቸኩላለች፤ ጉጉቷን እንደ ክፋት አትቁጠሪባት። ሽያጭ የማቆም መብት ያንቺ መሆኑ ግን አስቀድሞ ይጻፍ።

ዋጋውን ስታወጡ ጉልበታችሁን፣ ብልቃጡን፣ መለያውንና የተበላሸውን ጭምር አስሉ። ቸርቻሪ ከመሸጫው ዋጋ ግማሽ ያህሉን ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ራሳችሁ በቀጥታ ስትሸጡ አትራፊ የሚመስል ዋጋ በሱቅ ሊያከስራችሁ ይችላል።

የመለያየቱን አንቀጽም አትዝለሉ። አንዷ መውጣት ብትፈልግ ድርሻዋን መጀመሪያ የምታቀርበው ለቀሪዋ ይሁን፤ ዋጋው የሚሰላበት መንገድና በስንት ወር እንደሚከፈል ይጻፍ፤ የወጣችው በድርጅቱ ቀመር እንዳትሠራም ይጠቀስ።

ሁለታችሁም ለየብቻ የጻፋችሁትን ወረቀት ከተለዋወጣችሁ በኋላ ጻፊልኝ። ውሉንም ከመፈረማችሁ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡት።

እናትሽ