ግልጽ ደብዳቤ ለፍትህ ሚኒስቴር፦ ከተማ ውስጥ በውጊያ የሞቱ ሰዎች ማስረጃ ሳይጠፋ ይሰብሰብ

ይድረስ ለፌደራል ፍትህ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ ህዳር 2013 አክሱም ከተማ ውስጥ ስለተገደሉት ሰዎች ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የእናንተ የሆነው ቢሮ፣ ግንቦት 2013 ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የነገረን። መጀመሪያ 93 ሰው ሞቷል፣ አብዛኛውም ተዋጊ ነው ተባለ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ 110 ሰላማዊ ሰው በኤርትራ ወታደሮች ተገድሏል ተባለ። የኤርትራ መንግስት በበኩሉ ውንጀላውን አስተባብሏል። መግለጫ መታረሙን አልቃወምም፣ እንደውም መታረሙ ጥሩ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን በሁለቱ መግለጫ መሀል ምን ማስረጃ ተገኝቶ ነው ተዋጊ የተባለው ሰው ሰላማዊ የሆነው የሚለውን በዝርዝር የሚያስረዳኝ ነገር ማጣቴ ነው። አንዲት የአክሱም እናት ልጇ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሰፈረ በምን ትወቅ?

መቀሌም እንደዛው ነው። ህዳር 19/2013 ከተማዋ በመድፍ ተመታች፣ በሁለተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው መከላከያ በከተሞቹ አንድም ሰላማዊ ሰው አልገደለም አሉ፣ አንድ አመት ሊሞላ ሲል ጥቅምት 24/2014 የወጣው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የተመድ የጋራ ሪፖርት ግን መከላከያ የተኮሰው ከባድ መሳሪያ መኖሪያ ቤቶችን መትቶ ቢያንስ 29 ሰላማዊ ሰው እንደገደለ ጻፈ። ሁመራ ላይ ደግሞ ከኤርትራ በኩል መድፍ ይተኮስ ነበር፣ ከተማው ውስጥ ከሰፈር መሀል ደግሞ መልስ ይተኮስ ነበር፣ መሀል ላይ ያለው ሰው አለቀ። እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ማን ገደለ የሚለው በወሬ አይፈታም፣ በፌስቡክ ክርክር ደግሞ ጭራሽ አይፈታም።

የሚፈታው በቁስ ነው። የመድፍ ጥይቱ ያረፈበት ጉድጓድ ቅርጽ ከየት አቅጣጫ እንደተተኮሰ ይናገራል፣ ፍንጣሪው የመሳሪያውን አይነት ያሳያል፣ የሆስፒታል መዝገብ ሰውየው በስንት ሰአት ምን ቦታ ላይ ቆስሎ እንደገባ ይዟል፣ ሰው በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ከሳተላይት ፎቶ ጋር ከተመሳከረ ቦታውንና ሰአቱን ያረጋግጣል፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የጦሩ የራሱ የተኩስ ትእዛዝና የሬዲዮ መዝገብ አለ። ግን ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ግድግዳው ይለሰናል (ሰው ቤቱን አፍርሶ ባይሰራ ነበር የሚገርመው)፣ ፍንጣሪው ለቁራሌው ይሸጣል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ መዝገቡን የያዘችው ነርስ ስራ ትቀይራለች።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ ሰው ባልታወቀ ምክንያት ሞቶ ቢገኝ ፖሊስ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ይላካል። ጦርነት ባለበት ከተማ ግን ቀባሪ ከተገኘ ሰው በእለቱ ይቀበራል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በጅምላ፣ በቃ ፋይል የለም። ለምንድነው የአንዱ ሞት ፋይል ኖሮት የሌላው የማይኖረው?

አይቻልም እንዳትሉን፣ እዚችው ሀገር ተችሏል። የደርግን ወንጀል ለማጣራት በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ህግ ቢሮ ከቀበሌና ከደህንነት ቢሮ ወረቀት ሰበሰበ፣ ከአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው የጅምላ መቃብር እንዲከፈት አገዙ፣ አንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ እንዳለ የተቀበሩ ሰዎች ተገኙ። ያ ችሎት እስከ 1999 ፍርድ ድረስ 12 አመት ያህል ፈጅቷል፣ ብዙ ጉድለትም ነበረበት፣ ማሸነፍ የቻለው ወገን ብቻ ነው ከሳሽ የሆነው የሚሉ ሰዎችም የሚያነሱት ነጥብ አላቸው። ቢሆንም መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብቶ ፎቶውንና አጥንቱን ያየ ሰው እነዚህ ሰዎች አልተገደሉም ብሎ መከራከር አይችልም።

ሌላው እዚህ ሀገር ሁሌ የምንሰማው መልስ "ተዋጊዎች ህዝብ መሀል ተደብቀው ነበር" የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፣ ሰው ቤት ውስጥ ምሽግ የሚሰራ ታጣቂም ይጠየቅ፣ ህወሓትም ይሁን ፋኖም ይሁን ሌላ። ግን ይሄ መልስ ምርመራውን አይዘጋውም። ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች ሰላማዊ ሰው ኢላማ አይሁን ይላሉ፣ የራሳችን የወንጀል ህግ አንቀጽ 270ም ሰላማዊ ህዝብ ላይ የሚፈጸምን የጦር ወንጀል ይቀጣል፣ ህገመንግስቱ አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። ስለዚህ ተዋጊ ነበረ ያለ አካል ማን እንደሆነ፣ በምን እንዳወቀ፣ አጠገቡ ስንት ሰው እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ጥር 20/2016 አማራ ክልል መራዊ ከተማ ላይ የሆነውን አስቡት፣ ኢሰመኮ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግስት ጸጥታ ሀይሎች መገደላቸውን አረጋግጫለሁ አለ። 45 ሰው በከተማ ተገድሎ የተጠያቂ ስም አለመስማት ምን ማለት እንደሆነ ለቤተሰቡ ማስረዳት የምትችሉ ከሆነ አስረዱ።

ያለፉ በደሎች የሚጣሩበትና የሚዳኙበት የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ ሚያዝያ 2016 ጸድቋል፣ ጦርነቱን ይመረምር የነበረው የተመድ የባለሙያዎች ኮሚሽን ደግሞ ከዛ በፊት በ2016 መጀመሪያ ተበትኗል። እናንተ ላይ ነው የቀረው። በፖሊሲው የታሰበው ልዩ ፍርድ ቤትና ልዩ ዐቃቤ ህግ እስኪቋቋም መጠበቅ የለባችሁም፣ ማስረጃ መሰብሰብና ማሸግ ዛሬ ይጀመር። መከላከያም ክልሎችም ታጣቂ ቡድኖችም እጅ ያለ መዝገብ እንዳይጠፋ በጽሁፍ ትእዛዝ ስጡ፣ ሆስፒታሎችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም የቀብር መዝገባቸውን ኮፒ እንዲያደርጉ እርዱ፣ ምርመራውን የሚሰራው ሰው የተኮሰው ሰራዊት ሰራተኛ አይሁን፣ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ደግሞ ስሙ እንዳይወጣ ጥበቃ ይደረግለት። እና የአክሱሙን ነገር በቁጥር ሳይሆን በስም ዝርዝር፣ ከነማስረጃው፣ ለቤተሰቦቹ በትግርኛ አድርሱላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ስታዲየም አካባቢ