እማዬ፣ በጎቹን እንዳትሸጪ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደብረ ብርሃን ብርዱ ከፍቷል፤ መሐል ሜዳማ አልጠይቅሽም። ደብዳቤውን ማሙሽ ያንብብልሽ፣ ነገሩ የሱ ነው።

ለሱ የኮምፒውተር ኮርስ ሁለት እናት በግ ልትሸጪ ነው ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስት ወር ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል አሉሽ አይደል? እኔም እኮ ቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሼ፣ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ምዘና አልፌ፣ ወረቀቴን ላሚኔት አስደርጌ ነው ሥራ የገባሁት። ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ማስታወቂያው ላይ ተጠይቆ ስለነበር ያለሱ ማመልከቻዬን የሚቀበለኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት የገጠመኝን ግን ነግሬሽ አላውቅም። የቢሮው ግማሽ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ወጣ። አንዱን ከፍቼ ሳይ አድራሻው በ169.254 ይጀምራል። አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ግን ጠፋኝ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ፣ ወረቀታቸው ከኔ ያነሰ ነው፣ ስዊች የሚባለው ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ ሳጥን ላይ የትኛው መብራት እንደጠፋ አዩና ኬብሉን በእጃቸው እየተከተሉ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘውን ኬብል ጫፉ አጠገብ የወንበር እግር ጨፍልቆታል። ቆረጡት፣ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደረደሩ፣ አዲስ ጫፍ ገጠሙ። ሁሉም ተመለሰ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እንዝርት ያስያዝሽኝ ጊዜ የባናው ክር ስንቴ ተበጠሰብኝ! በአፍ ብትነግሪኝ መች ይገባኝ ነበር፣ ጣቴ ነው የለመደው።

ሲሲኤንኤ የሚባለው ዓለም የሚያውቀው የኔትወርክ ሰርተፍኬት እንኳ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው፣ ከዚያ መታደስ አለበት። እኔም ልፈተነው እያጠናሁ ነው፣ አሁን የማነበውን በእጄ ስለነካሁት ይገባኛል።

ስለዚህ ማሙሽ ለክረምቱ እኔ ጋ ይምጣ። አሮጌ ስዊችና ራውተር አለኝ፤ ያበላሽ፣ ይጠግን፣ ማታ ማታ አብሬው እቀመጣለሁ። መስከረም ላይ ቴክኒክና ሙያ ይመዝገብ፤ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሥራ ለሚለማመድበት የትብብር ስልጠና ሲወጣም ፋይል ተሸካሚ ሆኖ እንዳይቀር ቦታውን እኔ ራሴ ሄጄ አያለሁ።

በጎቹ ይውለዱ። የአውቶቡሱን እኔ እልካለሁ። ሲመጣ ያቺን አሮጌ ባና አስይዢው፣ ቤቴ ሌሊት ይበርዳል።

ልጅሽ