የኦሎኮ ሴቶች በአሉባልታ አልተነሱም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካውያን ግብርን ስለተቃወሙበት ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ተናድጃለሁ። ሴራሊዮናዊው ባይ ቡሬ በ1898 እ.ኤ.አ. የጎጆ ግብር አልከፍልም ብሎ ስላካሄደው ውጊያ በሰፊው ጽፋችኋል፤ ይገባዋል። በ1929 በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ለተነሱት ሴቶች ግን የተረፋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም «በአሉባልታ ተነሳስተው ሁከት ፈጠሩ» ይላል።

የምን አሉባልታ? ወንዶቹ ቀደም ብለው ሲመዘገቡ ለሕዝብ ቆጠራ ነው ተብለው ነበር፤ በ1928 ግብር ተጣለባቸው። በዓመቱ እንግሊዞች የሾሙት ባላባት ኦኩጎ የላከው ማርክ ኤመሬውዋ ኦሎኮ መንደር ንዋንዬሩዋ ግቢ ገብቶ ፍየሎችሽን፣ በጎችሽንና ሰዎችሽን ቁጠሪ አላት። የአንተስ እናት ተቆጥራለች ወይ ስትል መለሰችለት። ሴቶቹ የሚሸጡት የፓልም ዘይት ዋጋ ወድቆ ነበር፤ የባሎቻቸውን ግብር ለመሙላት የሚሯሯጡትም እነሱው ነበሩ። ከቆጠራ በኋላ ምን እንደሚመጣ በዓይናቸው ያዩ ሴቶች በእኛም ላይ ግብር ሊጣል ነው ቢሉ አሉባልታ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

እኔ በርበሬና ቅመም ሸጣ ያሳደገችኝ እናት ልጅ ነኝ። ገማቾች ጆንያዋን በዓይናቸው ለክተው የቀን ገቢዋን ሲጽፉ፣ ግማሹ በዱቤ የመጣ መሆኑን ማንም አልጠየቃትም። አቤት ብላ ስትሄድ «የገበያ ወሬ ሰምተሽ ነው» ብለው መለሷት። የእናንተን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ።

ሁከት ያላችሁትም ሥርዓት ነበረው። ሴቶቹ ከመንደር መንደር የዘንባባ ዝንጣፊ እየላኩ ተጠራሩ፤ ኦኩጎ ከሹመቱ ወርዶ ለፍርድ እስኪቀርብ ድረስ ደጁን አልለቀቁም፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ኦፖቦ ላይ ደግሞ ሴቶች ግብር እንደማይጣልባቸው በጽሑፍ ይሰጠን ብለው የአውራጃውን ሹም ጠየቁ። የተሰጣቸው ጥይት ነው። በአጠቃላይ ከ50 በላይ ሴቶች ተገድለዋል፤ ጽሑፋችሁ አንዷን እንኳ አላነሳም። እንግሊዞች የዘረጉት የተሿሚ ባላባቶች አስተዳደር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረሰው በእነዚህ ሴቶች ምክንያት መሆኑንም ዘላችሁታል።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ከባይ ቡሬ ጋር በተመሳሳይ ገጽ፣ የንዋንዬሩዋንና አብረዋት የመሩትን የኢኮኒያን፣ የንዋኔዲያንና የንዉጎን ስም ጠርታችሁ።

የገበያ ነጋዴ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ